የአንድ ኪሎ ዋጋ፦ ብስክሌትን ማቅለል ያዋጣል?

እ.ኤ.አ. በ2010 ጄረሚ ግሮቭስ የተባለ እንግሊዛዊ የማደንዘዣ ሐኪም ወደ ሆስፒታሉ ከመነሣቱ በፊት ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ የአንድ ፓውንድ ሳንቲም ይጥል ነበር። ሳንቲሙ የሚወስነው በየትኛው ብስክሌት እንደሚሄድ ነው። አንደኛው በ50 ፓውንድ የገዛው ያገለገለ የብረት ብስክሌት ሲሆን 13.5 ኪሎ ይመዝናል። ሌላው 1,000 ፓውንድ የወጣበት አዲስ የካርቦን ብስክሌት ነው፤ 9.5 ኪሎ። መንገዱ ከሼፊልድ ወደ ቼስተርፊልድ የሚወስደው፣ ደርሶ መልሱ 43 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ፣ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበት ነው። ሐኪሙ በዚህ ዓይነት ለግማሽ ዓመት ያህል ተመላለሰ፤ 56 ጉዞም መዘገበ።

በካርቦኑ ብስክሌት አማካይ ጊዜው 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሆነ። በብረቱ 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ። አራት ኪሎ የሚቀልለውና በሃያ እጥፍ ዋጋ የተገዛው ብስክሌት በ33 ሰከንድ ዘገየ ማለት ነው። ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ስለሚችል ብረቱ ፈጠነ ብሎ መደምደም አይቻልም። ካርቦኑ ፈጠነ ማለት ግን ጨርሶ አልተቻለም። ግሮቭስ ውጤቱን በዓመቱ መጨረሻ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የገና እትም ላይ አወጣው፤ ከብስክሌቱ ይልቅ የጋላቢው ክብደት ቢቀንስ ጥቅሙ ሳይበልጥ፣ ወጪውም ሳያንስ እንደማይቀር ጽፎ።

ጥናቱ ጉድለት አለበት። ጋላቢው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በየትኛው ብስክሌት ላይ እንደተቀመጠም ያውቃል። ብረቱ በደረሰው ቀን ሳይታወቀው ጠንከር አድርጎ ረግጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክብደት ምንም ዋጋ የለውም ለማለት ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም። የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ አራት ኪሎ የሚያህል ልዩነት እንኳ በነፋሱ፣ በትራፊክ መብራቱ፣ በሌሊቱ እንቅልፍና በጠዋቱ ቁርስ መካከል ሊዋጥ ይችላል። በአገራችን የእሽቅድምድም ብስክሌት ያላቸው ወጣቶች ወራት ያጠራቀሙትን ገንዘብ የሚያወጡት ደግሞ ለአራት ኪሎ አይደለም። ለሁለት መቶና ለሦስት መቶ ግራም ነው።

እሁድ ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ የቆመ ሰው ግን ከሼፊልዱ ሐኪም ጋር ለመስማማት ይቸገራል። የጥበብ ልብስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ሯጮች በቡድን በቡድን ይወርዳሉ፤ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ጥግ ጥጉን ይዘው ያልፋሉ። በመካከላቸው ብስክሌተኞች ከኮርቻቸው ተነሥተው፣ መሪውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ይወጣሉ። አንዳንዱ ከሯጭ እኩል እንኳ አይሄድም። እዚያ ዳገት መካከል ላይ ላለ ሰው ክብደት ሐሳብ አይደለም፤ ጭኑና ወገቡ ላይ የሚሰማው ነገር ነው። ብስክሌቴ ግማሽ ኪሎ በቀለለልኝ ብሎ ቢመኝ ማንም አይፈርድበትም።

ምኞቱ ሳይንሳዊ መሠረትም አለው። ብስክሌተኛን ወደኋላ የሚይዙት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የሚገፋው አየር፣ ጎማው መንገድ ላይ ሲንከባለል የሚያባክነው ጉልበት፣ ዳገት ሲሆን ደግሞ የመሬት ስበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተራ ቁመና ያለው ጋላቢ በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ በባሕር ዳርቻ አየሩን ለመግፋት ብቻ 124 ዋት ያህል የሚያወጣ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ 93 ዋት ይበቃዋል። ስበት ግን ከፍታ አይቶ አይቀንስም። በደጋ አገር የአየሩ ድርሻ ሲያንስ የክብደት ድርሻ በዚያው ልክ ይጎላል፤ ዳገቱም ብዙ ነው። ለሆላንድ ሜዳ የተጻፈ «ስለ ክብደት አትጨነቁ» የሚል ምክር እዚህ እንዳለ አይሠራም። ይህን ሳልቀበል የቀረውን ብናገር ፍትሕ አይሆንም።

እንግዲህ ጥያቄው ምን ያህል ይጎላል የሚለው ነው። አንድ 68 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ10 ኪሎ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ፣ በየመቶ ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ በጠቅላላው 500 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል እንበል። አዘውትሮ ልምምድ የሚሠራ ሰው ሊያወጣው የሚችለውን 200 ዋት ሳያቋርጥ ቢያወጣ ዳገቱ 35 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። አሁን ብስክሌቱን በአንድ ኪሎ እናቅልለው። የሚያተርፈው ጊዜ 27 ሰከንድ ያህል ነው።

27 ሰከንድ እውነተኛ ጊዜ ነው፤ አልንቀውም። በውድድር ላይ ከመሪዎቹ ጋር መቆየትና ተነጥሎ መቅረት የሚለያዩት ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። ግን አንድ ኪሎ ሙሉ ማንሣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የገዛ ሰው ነው። ከአንድ አሉሚኒየም ብስክሌት ላይ አንድ ኪሎ ለማውረድ ቸርኬውን፣ ኮርቻውን፣ የኮርቻውን ዘንግ፣ መሪውንና ጎማውን ሁሉ መለወጥ ያስፈልጋል። ሲደመርም ብዙውን ጊዜ ከብስክሌቱ ዋጋ ይበልጣል።

መርካቶ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ የብስክሌት መጠገኛ ውስጥ ቆሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። አንድ ወጣት ከዱባይ በሻንጣ የመጣለትን ዕቃ ከካርቶን እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል፦ የካርቦን መሪ፣ የካርቦን የኮርቻ ዘንግ፣ ሁለት የካርቦን የውኃ ኮዳ መያዣ። ጠጋኙ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው፣ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሡ በመዳፋቸው መዘኑ። ጥሩ ዕቃ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ብስክሌቱ ዞረው የፊቱን ጎማ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ጣታቸው ገባ። ካቴናውን ነካ አደረጉትና ጥቁር አቧራ የያዘ ጣታቸውን አሳዩት።

«ልጄ፣ ይህን ጎማ መቼ ነው የነፋኸው?»

«ባለፈው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«እሱን እንይና ወደ ካርቦኑ እንመለሳለን።»

ወጣቱ የገዛቸው ዕቃዎች ከነባሮቹ ጋር ሲነጻጸሩ በድምሩ የሚያቀልሉለት 250 ግራም ገደማ ነው። ቅድም ባሰላነው ዳገት ላይ ይህ ሰባት ሰከንድ አይሞላም። በዚያው ኮዳ መያዣ ላይ የሚያስቀምጠው ሙሉ ኮዳ ውኃ 750 ግራም ይመዝናል። ጎማው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ጎማ ሲንከባለል መሬት የነካው ክፍል ይጨፈለቃል፣ ከዚያ ይመለሳል። ላስቲኩ ሲጨፈለቅ የወሰደውን ጉልበት ሲመለስ ሙሉውን አይሰጥም፤ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ወፍራም፣ ደረቅ፣ ጠርዙ ሽቦ የሆነ ርካሽ ጎማ ብዙ ያባክናል። ስስና ለስላሳ ጨርቅ ላይ የተሠራ፣ የሚታጠፍ ጎማ ጥቂት ያባክናል። በዚያው 78 ኪሎ ድምር ክብደት፣ በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲኬድ፣ በደካማ ጎማና በጥሩ ጎማ መካከል 19 ዋት ያህል ልዩነት ሊኖር ይችላል። በተመሳሳይ ፍጥነት አንድ ኪሎ ክብደት መቀነስ የሚያተርፈው ግማሽ ዋት ነው። ወጣቱ ጎማ በመለወጥ የሚያገኘውን በሜዳ ላይ በማቅለል ላግኝ ቢል 38 ኪሎ መቀነስ ይኖርበታል፤ ብስክሌቱ ራሱ 10 ኪሎ ነው።

ጥሩ ጎማ ቀላልም ነው። የሽቦ ጠርዝ ያለው ተራ ጎማ 350 ግራም ሲደርስ የሚታጠፈው 220 አካባቢ ነው። ስለዚህ ማቅለልን የሚወድ ሰው ከዚህ ቢጀምር ሁለቱንም ያገኛል። ቀጥሎ ከመነዳሪው ይመጣል። የተለመደው ጥቁር ከመነዳሪ 100 ግራም ያህል ነው፤ ቲፒዩ ከሚባለው ፕላስቲክ የሚሠራው ከ40 ግራም በታች ይወርዳል፤ ሲታጠፍ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን መለወጥ 130 ግራም ያህል ያነሣል፤ ይህን ያህል ግራም በከመነዳሪ ዋጋ ከሌላ የብስክሌት ክፍል ላይ አይገኝም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ ቲፒዩ ሲቀደድ በየሰፈሩ ጎሚስታ እጅ ያለው የተለመደ ማጣበቂያና መጠገኛ አይይዘውም፤ የራሱ መጠገኛ ይፈልጋል። ከከተማ ርቆ ለሚወጣ ሰው አንድ ጥቁር ከመነዳሪ መያዝ ግዴታ ነው።

አሁን የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ወደምለው ልምጣ። በደጋው አገር ለዳገት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለውጥ ብስክሌቱን የሚያከብድ ነው።

ብዙዎቹ ያገለገሉ የእሽቅድምድም ብስክሌቶች የተሠሩት ለአውሮፓ ተወዳዳሪዎች እግር ነው። ትንሹ ማርሻቸው ፊት 39 ጥርስ፣ ኋላ 25 ጥርስ ነው። የኛ ሰው በ200 ዋት ያን ዳገት ሲወጣ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። በዚህ ማርሽ ፔዳሉ በደቂቃ የሚዞረው 54 ጊዜ ብቻ ነው። ይህ መርገጥ ሳይሆን መግፋት ነው፤ ጉልበት ይሰብራል፣ ጭን ያቃጥላል፣ ሰውየውን ከኮርቻው ያስነሣዋል። ፊት 34፣ ኋላ 32 ጥርስ ያለው ማርሽ ቢኖረው በዚያው ፍጥነት 79 ጊዜ ይዞር ነበር። ትልቁ የኋላ ማርሽ ከትንሹ በመቶ ግራም ያህል ይከብዳል። አንዳንዴ የማርሽ ማዛወሪያውንም በረጅሙ ክንድ መለወጥ፣ ካቴናውንም ማስረዘም ይጠይቃል፤ ይህም ተጨማሪ ግራም ነው። በሂሳቡ መሠረት መቶው ግራም ሦስት ሰከንድ ያህል ያስከፍላል። ጋላቢው ግን ዳገቱን ተቀምጦ፣ ትንፋሹን ጠብቆ ይወጣል፤ ሲጨርስም ጉልበቱን አያመውም። እንጦጦ ላይ መሪያቸውን እያወዛወዙ ሲወጡ ከማያቸው ብስክሌተኞች ብዙዎቹ የቸገራቸው የብስክሌታቸው ክብደት አይመስለኝም። ማርሻቸው ነው።

ይህን የምለው በቁጭት ነው። ወጣቶች «እኔ ለዳገት አልተፈጠርኩም» ብለው ብስክሌቱን ሲሸጡ አይቻለሁ፤ አንድ ሰው ስለ ማርሽ ቢነግራቸው ኖሮ ላይሸጡ ይችሉ ነበር።

ወደ ቸርኬ ስንመጣ በየመጠገኛው የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ የሚሽከረከር ክብደት እጥፍ ይቆጠራል ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። ከቆመበት ሲነሣ፣ በቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ ክብደት ወደፊት መሄድም መዞርም ስላለበት እጥፍ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። መጠኑን ግን እንየው። በጠርዙ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ የሚፈልገው ተጨማሪ ጉልበት 48 ጁል ነው። ይህ 200 ዋት ለሚያወጣ ሰው የሩብ ሰከንድ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ትራፊክ መቶ ጊዜ ቆሞ ቢነሣ 25 ሰከንድ ይሆናል። ፍጥነቱ ከተረጋጋ በኋላ፣ ዳገት ላይም ሆነ ሜዳ ላይ፣ የቸርኬ ግራም ከኮርቻ ግራም አይበልጥም። ጥሩ ቸርኬ የሚመረጠው ቀጥ ብሎ ስለሚዞር፣ ሽቦው ስለማይላላ፣ ኩሽኔታው ስለሚለሰልስ ነው። ከአዲስ ብስክሌት ጋር የሚመጣው ተራ ቸርኬ ጥንዱ ሁለት ኪሎ ገደማ ሲመዝን አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ጠንካራ የአሉሚኒየም ቸርኬ ይገኛል። ገንዘብ ለተረፈው ሰው ከማቅለያ ዕቃዎች ሁሉ ትርጉም ያለው እሱ ነው።

ስለ ማርሽ ስብስብ ደረጃ ብዙ አልልም። ከሺማኖ ኩባንያ 105 ደረጃ ከፍ ወዳለው አልቴግራ መውጣት ብስክሌቱን የሚያቀልለው በሁለት መቶ ግራም ገደማ ነው፤ የዋጋው ልዩነት ግን ከግራሙ ጋር አይመጣጠንም። አሮጌው እስኪያልቅ መጠበቅ ይሻላል።

ቀላልነትና ፍጥነት አንድ እንዳልሆኑ በግልጽ የታየው በሜክሲኮ ሲቲ ነው። ያች ከተማ ከፍታዋ 2,240 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ብዙም አትርቅም። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ለመስበር ወደዚያ የሄደው ለሳሳው አየር ሲል ነው። ጣሊያናዊው ኤርኔስቶ ኮልናጎ የሠራለት ብስክሌት 5.75 ኪሎ ብቻ ይመዝን ነበር፤ ግራም ለመቀነስ ብረቱ ላይ ቀዳዳ ተበስቶበታል። መርክስ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሄደ። ክብረ ወሰኑ ከ11 ዓመት በላይ ቆየ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1984 ፍራንቼስኮ ሞዘር የተባለ ብስክሌተኛ ለዚያው ክብረ ወሰን ወደዚያው ከተማ መጣ። ቸርኬዎቹ ሽቦ አልነበራቸውም፤ እንደ ሳህን የተደፈኑ ዲስኮች ነበሩ፤ ብስክሌቱም ከመርክስ ብስክሌት ይከብድ ነበር። ግን አየሩን ይሰነጥቅ ነበር። መጀመሪያ 50.808፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ 51.151 ኪሎ ሜትር ሄደ። ሞዘር በዚያ ጊዜ ገና ያልተከለከለውን ደም የመውሰድ ዘዴ መጠቀሙን በኋላ ስላመነ ድሉን ሁሉ ለብስክሌቱ መስጠት አይገባም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ በሜዳ ላይ ለሚደረግ የሰዓት ሙከራ ቀዳዳ የተበሳ ቀላል ብስክሌት የሚመርጥ እምብዛም አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ግሬግ ለሞንድ ቱር ደ ፍራንስን በ8 ሰከንድ ሲያሸንፍ በመጨረሻው ቀን የ24.5 ኪሎ ሜትር የሰዓት ሙከራ የረዳው ክንድ ወደፊት ዘርግቶ የሚያስይዝ መሪ ነበር። ያ መሪ በብስክሌቱ ላይ የተጨመረ ክብደት ነው።

ለእኛ ተራ ጋላቢዎች ትምህርቱ ውድ ዲስክ ግዙ የሚል አይደለም። በነፋስ የሚርገበገብ ሰፊ ጃኬት አውልቆ ሰውነት ላይ የሚያርፍ ልብስ መልበስ፣ ክርንን አጠፍ አድርጎ ዝቅ ማለት፣ በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስምንት ዋት ያህል በቀላሉ ያተርፋል። በደጋው ሳስቶ ባለው አየር እንኳ። ባሕር ዳር ላይ፣ በጣና ዳር ሜዳ ለሚጋልብ ሰው ደግሞ የብስክሌቱ ክብደት ጉዳይ አያስጨንቀው።

ፕሮፌሽናሎቹስ? የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በውድድር ላይ ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ ይከለክላል። ከመቀሌ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም በዚህ ሕግ ሥር ነው የተወዳደረው። ዛሬ ቡድኖች ብስክሌቱን ወደ ወሰኑ ማውረድ ሲችሉ እንኳ ብዙ ጊዜ ከ7 ኪሎ በላይ ሆኖ አየር የሚሰነጥቀውን ይመርጣሉ። 400 ዋት ለሚያወጣ ተወዳዳሪ በዚያ 500 ሜትር ከፍታ አንድ ኪሎ 12 ሰከንድ ነው። በየዕለቱ በሰከንዶች ለሚሸነፍና ለሚያሸንፍ ሰው ይህ ደመወዝ ነው። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ የሚካሄድ የዳገት ብቻ ብሔራዊ ሻምፒዮና አለ፤ ተወዳዳሪዎቹ የመሪያቸውን ጫፍ እስከ መቁረጥ ይደርሳሉ። እነሱ ልክ ናቸው፤ ውድድራቸው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ከጫፍ በኋላ ቁልቁለት የለበትም።

እኛ ግን ከእንጦጦ መውረድ አለብን። እዚህ ላይ ነው ማቅለል አደገኛ የሚሆነው። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ ሙቀቱ የሚሄደው ወደ ቸርኬው ነው። ፍሬኑ ጠርዙን የሚይዝ የካርቦን ቸርኬ፣ በተለይ ጥራቱ ያልታወቀ ርካሽ ከሆነ፣ ሙጫው በሙቀት ለስልሶ ሊፈታ፣ ከመነዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። አሉሚኒየም ሙቀቱን ቶሎ ያሰራጫል። መሪና የመሪ ዘንግ ደግሞ በምንም ዋጋ መቀለጃ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2006 በፓሪስ ሩቤ ውድድር ላይ የታወቀው አሜሪካዊ ጆርጅ ሂንካፒ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ የመሪው ዘንግ ተሰብሮበት ወድቋል። በዓለም ምርጥ መካኒኮች የሚጠበቅ ብስክሌት ላይ የደረሰ ነገር ነው። ሠሪው የማይታወቅ፣ የታዋቂ ድርጅት ማህተም የተለጠፈበት ርካሽ የካርቦን መሪ ገዝቶ፣ ብሎኑን በግምት አጥብቆ፣ ያልታሰበ ጉድጓድ ባለበት መንገድ ላይ መውረድ ራስን ለሞት ማጋለጥ ነው። ካርቦን ሲጎዳ እንደ ብረት አይጎብጥም፤ ከላይ ምንም ሳይታይ ውስጡ ይሰነጠቅና አንድ ቀን ይሰበራል። የካርቦን ዕቃ የሚያስገጥም ሰው ቢያንስ ብሎን የሚያጠብቅበትን ኃይል የሚለካ መፍቻ ያለው ጠጋኝ ይፈልግ።

አንድ ነገር ለቀላሉ ብስክሌት ልመስክርለት። ቀላል ብስክሌት ደስ ይላል። በአንድ እጅ አንሥቶ ሦስት ፎቅ ደረጃ መውጣት ይቻላል፤ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሲረግጡት ቶሎ ይታዘዛል። የወደዱት ብስክሌት ደግሞ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቀርም፤ ብዙ የሚጋልብ ሰው ብዙ ይጠነክራል። ገንዘቡ የራሱ የሆነ፣ የሚያገኘው ደስታ እንጂ ደቂቃ እንዳልሆነ ያወቀ ሰው ቢያወጣ እኔ አልከለክለውም። የምከለክለው ለፍጥነት ብሎ የሚበደረውን ነው።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። የ10 ኪሎ ብስክሌት ዕቃ በዕቃ እየገዙ 8 ኪሎ ማድረግ አያዋጣም። 8 ኪሎ የሚፈልግ ሰው ያለውን ሸጦ፣ ጨምሮ፣ 8 ኪሎ ሆኖ የተሠራውን ሙሉ ብስክሌት ቢገዛ ዋጋው ያንሳል፣ ዕቃዎቹም እርስ በርስ ይስማማሉ። ያለውን ይዞ መቆየት የሚፈልግ ደግሞ መጀመሪያ ጎማውን በሚገባ ይንፋ፣ ካቴናውን ይጠብ፤ ቀጥሎ የኮርቻውን ከፍታ በሚያውቅ ሰው ያስለካ፤ ከዚያ ጥሩ ጎማ፣ ለዳገት የሚሆን የኋላ ማርሽ፣ አዲስ የፍሬን ላስቲክ ይግዛ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈው ቸርኬ። የካርቦን ኮዳ መያዣ መጨረሻ ነው።

በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ብስክሌተኛ ሆኖ «ምን ላምጣልህ» ስትሉት የሚያብረቀርቅ ካርቦን ሊጠራላችሁ ይችላል። እናንተ ግን ሁለት የሚታጠፉ ጎማዎች፣ አራት ከመነዳሪ፣ አንድ 11 በ32 የኋላ ማርሽና ሁለት ጥንድ የፍሬን ላስቲክ አምጡለት፤ ከመግዛታችሁ በፊትም የቸርኬውን መጠንና የማርሹን ቁጥር ጠይቁት። ሁሉም ተደምሮ ሻንጣ ውስጥ ከሁለት ኪሎ አይበልጥም።